በክረምት ከቀይ ባሕር የሚወጣው ሙቅ ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኑሮዬ ጅዳ ነው። በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የባሕሩ ውሃ ከዳር ይሸሻል፤ በሌላ ጊዜ ተሸፍኖ የሚቆየው የኮራል ድንጋይ ጀርባው ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃው ተመልሶ ይሞላል። አንዳንዱ ሙቀቱ ስለሚያተነው ነው ይለኛል፤ ሌላው ነፋሱ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ስለሚነዳው ነው ይላል። ነፋሱ ሙቁን ውሃ የሚወስደው ከሆነ ባሕሩ በዚያው ወቅት ለምን አይቀዘቅዝም? ይህ ነገርስ ከአገር ቤቱ ክረምት ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን?»

ያዩት ነገር እውነት ነው፤ በደንብም አስተውለውታል። ከሰሟቸው ሁለት ማብራሪያዎች ግን የትነቱ ትክክል አይደለም፤ የነፋሱ ደግሞ ግማሹን ብቻ የያዘ ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ከቀይ ባሕር ውጪ፣ ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ወዲያ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ስለ ቀይ ባሕር ሲወራ ብዙ ጊዜ በሁለት በረሃዎች መካከል ለብቻው የተኛ ውሃ ተደርጎ ስለሚታሰብ ይህ ግማሽ ይረሳል። እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ያለው በሩ ላይ ነው እላለሁ። በየወሩ በዚያ በር ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ካወቅን፣ እርስዎ ጅዳ ዳርቻ ላይ የሚያዩት ነገር በሙሉ ግልጽ ይሆናል። ግራ እንዳያጋባ ወራቱን በስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ በጅዳ ሙቀቱ የሚበረታው አገር ቤት ክረምት በሆነበት ጊዜ ነውና።

ከትነቱ እንጀምር። ቀይ ባሕር በዓመት 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውሃ በትነት ያጣል። የሚዘንብበት ዝናብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት አንድም ወንዝ የለም። የባሕሩ ስፋት ወደ 450,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በየዓመቱ ወደ ሰማይ የሚሄደው ውሃ 900 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር በአማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይዞ ነው። ስለዚህ ከቀይ ባሕር የሚተንነው ከአባይ 18 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህን ሁሉ የሚተካው በባብ ኤል መንደብ የሚገባው ውሃ ብቻ ነው። የስዌዝ ቦይ የሚያመጣው በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም።

ሰርጡ ቢዘጋ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአፋሩ የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከባሕሩ ተቆርጦ ሲቀር ውሃው ተንኖ አለቀ፤ የተወው የጨው ክምችት በቦታው ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ዛሬ አሳሌ ላይ ተጠርቦ በግመል የሚጫነው ጨው ከዚያው ባሕር የተረፈ ነው።

ታዲያ ትነት ይህን ያህል ኃይለኛ ከሆነ፣ የሐምሌውን የውሃ መጉደል በእሱ ማሳበብ ለምን ስሕተት ይሆናል? በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው፣ ትነት በቀን የሚወስደው ከአምስት እስከ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ሰርጡም ወዲያው ወዲያው ይተካዋል። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚገርመው፣ ከቀይ ባሕር ብዙ ውሃ የሚተንነው በሙቀቱ ወራት ሳይሆን በቀዝቃዛዎቹ ወራት መሆኑ ነው። ትነትን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በላዩ የሚነፍሰው አየር ምን ያህል ደረቅ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚፈጥን ጭምር ነው። በነሐሴ ጅዳ ላይ አየሩ በእርጥበት ታፍኖ ልብስ ከገላ ላይ ይጣበቃል፤ እንዲህ ያለ አየር ተጨማሪ ውሃ የሚቀበልበት ቦታ ትንሽ ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ከበረሃው የሚመጣው አየር ደረቅና ከባሕሩ የቀዘቀዘ ስለሆነ ውሃውን አጥብቆ ይስባል። እንግዲህ ባሕሩ የሚሞላው ትነቱ በበረታበት ጊዜ፣ የሚጎድለውም ትነቱ በቀነሰበት ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። ባብ ኤል መንደብ ጠባብ በሆነበት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የፔሪም ደሴት ደግሞ ለሁለት ይከፍለዋል። ነገር ግን የባሕሩን ዕድል የሚወስነው ደፍ እዚያ ላይ አይደለም። ከሰርጡ ወደ ሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ የባሕሩ ወለል ከፍ ይልና ጥልቀቱ ወደ 137 ሜትር ይወርዳል። ከደፉ ወዲህ ከ2,500 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ባሕር አለ፤ ከደፉ ወዲያ የኤደን ባሕረ ሰላጤና ሕንድ ውቅያኖስ አሉ። የሚገባውም የሚወጣውም ውሃ በዚያች 137 ሜትር ውስጥ መተላለፍ ግድ ይለዋል።

የደፉን ክብደት የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ፣ ከ300 ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ ታችኛው ወለል ድረስ፣ ከ21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሙቀት አለው። በሌሎች ውቅያኖሶች 2,000 ሜትር ሲወርዱ የሚያገኙት ውሃ ከ4 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ደፉን መሻገር ስለማይችል፣ ቀይ ባሕር ጥልቁን የሚሞላው በራሱ ሰሜናዊ ዳርቻ በቀዘቀዘ ውሃ ነው። በዓለም ላይ እንዲህ ሞቃት ጥልቅ ውሃ ያለው ባሕር ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው።

ጨው ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባው ውሃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 36 ግራም ተኩል ያህል ጨው ይይዛል፤ ሰሜን ጫፍ ሲደርስ 40 ግራም ያልፋል። ውሃው ይተንናል፤ ጨው ግን አይተንንም። የሚገባው ውሃ የተነነውን ብቻ የሚተካ ቢሆን ኖሮ በሰከንድ 28,000 ሜትር ኪዩብ ይበቃው ነበር፤ ባሕሩም በጊዜ ብዛት የጨው ጉድጓድ ሆኖ ይቀር ነበር። እንዲህ ያልሆነው ጨዋማውና ከባዱ ውሃ ከታች በኩል በደፉ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚወጣ ነው። የባሕር ተመራማሪዎቹ ስቴፈን መሪና ዊሊያም ጆንስ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሰርጡ ውስጥ በመልሕቅ የታሰሩ መለኪያዎችን አስቀምጠው እንዳገኙት፣ ይህ የታችኛው ፍሰት በዓመት አማካይ በሰከንድ ወደ 370,000 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። የወሩ ልዩነት ግን ከአማካዩ የበለጠ ይናገራል፦ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ወደ 600,000 ከፍ ይላል፤ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ ወደ 50,000 ይወርዳል። ከአሥር እጅ በላይ ልዩነት ነው። በሩ በዓመት ውስጥ ሁለት ፍጹም የተለያዩ መልኮች አሉት።

የመጀመሪያው መልክ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ባሕሩ በግራና በቀኝ በተራራ የታጠረ ስለሆነ፣ በአንዱ በኩል የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ፣ በሌላው በኩል የየመንና የሂጃዝ ተራሮች ስላሉ፣ ነፋስ ከባሕሩ ቁመት ውጪ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው። ወይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ወይ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጣል። በእነዚህ ወራት በሰሜኑ ክፍል እንደ ሁልጊዜው ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ በደቡቡ ግን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የገባው ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣና ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱ የሚገናኙት ከ18ኛው እስከ 20ኛው የሰሜን ኬክሮስ አካባቢ፣ በፖርት ሱዳንና በምጽዋ መካከል ባለው ባሕር ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ከግብፅ ወደ አዱሊስና ወደ ሕንድ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። በሐምሌ የሰሜኑን ነፋስ ይዘው ይወርዱና ሲመለሱ የደቡቡን ነፋስ ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በላይ ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚገጥማቸው፣ ቤሬኒቄን በመሰለ በደቡብ ግብፅ በሚገኝ ወደብ ላይ ጭነታቸውን አውርደው በግመል መቀጠልን ይመርጡ ነበር።

ውሃውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። በነዚህ ወራት ላይ ላዩን ሙቅና ጨውነቱ ያነሰ ውሃ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፤ ከሥሩ ጨዋማው ውሃ ይወጣል። የሚገባው ውሃ 25 እና 26 ዲግሪ ገደማ ሆኖ በደቡብ በኩል የአፍሪካን ጠረፍ ተጠግቶ ይጀምራል። ወደ ሰሜን ሲገፋ ባሕሩን ያቋርጥና ወደ ዓረቢያው ጠረፍ ተጠግቶ በጅዳ ፊት ለፊት ወደ ላይ ይቀጥላል። ይህ ጉዞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ባሕሩ በስፋቱ ልክ በሚሽከረከሩ አዙሪቶች የተሞላ ስለሆነ ውሃው ወደ ምዕራብ ተመልሶ ሲዞር፣ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ይቆያል። እየሄደ ይተንናል፤ ጨውነቱ ይጨምራል፤ ሰሜን ሲደርስ በጥርና በየካቲት ወደ 21 እና 22 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጨዋማም ቀዝቃዛም የሆነ ውሃ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይሰምጣል። የሰመጠው በመካከለኛ ጥልቀት ተመልሶ ወደ ደቡብ ይወርድና በሐኒሽ ደፍ በኩል ይወጣል። ከዚያም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ቁልቁል ተንሸራትቶ ከ400 እስከ 800 ሜትር ጥልቀት ላይ ይደላደላል። የዚህ ውሃ ዱካ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ በሚወርደው የአጉልሃስ ጅረት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀት አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቀይ ባሕር የፀሐይ ሙቀትን የሚያጠራቅም ባሕር ይመስላል። የዓመቱ ሒሳብ ሲወራረድ ግን ከፀሐይና ከአየር ከሚቀበለው ይልቅ ለአየሩ የሚሰጠው ይበልጣል፤ ልዩነቱ በየካሬ ሜትሩ 10 ዋት ያህል ነው። ያን ጉድለት የሚሞላው በሰርጡ የሚገባው ሙቅ ውሃ ነው። ማለትም ሙቀት በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ በጠቅላላው አይወጣም፤ የሚገባውም ከሁሉ በላይ በጥቅምትና በግንቦት መካከል ባሉት ወራት ነው። «ሙቁ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው መልክ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ የእርስዎም ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው። በነዚህ ወራት በደቡብ የነበረው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይጠፋል። ከስዌዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ነፋሱ በሙሉ ከሰሜን ምዕራብ ይሆናል፤ የላይኛውን ውሃ ወደ ደቡብ ይገፋዋል። የባሕር ተመራማሪው ዊሊያም ፓትዘርት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት የፍሰቱን መገልበጥ ከዚህ ነፋስ ጋር አያይዞ ገልጾት ነበር፤ ለእርስዎ «ነፋሱ ይነዳዋል» ያለው ሰውም የሚናገረው ይህንኑ ነው። ትክክል ነው፤ ግን አልተሟላም።

ያልተሟላበት ምክንያት በሰርጡ ላይ የሚሆነውን ዝርዝር ስናይ ይታያል። በነሐሴ ከሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ካለ መርከብ ላይ የሙቀትና የጨው መለኪያ በገመድ ወደ ታች ቢወርድ የሚከተለው ይነበባል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሠላሳ ሜትሮች 31 ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ከዚያ ቁጥሩ በድንገት ይወርዳል፤ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ከአሥር ዲግሪ በላይ ጠፍቶ 60 እና 70 ሜትር ላይ 18 ዲግሪ ገደማ ይነበባል። የጨውም መጠን 36 ግራም አካባቢ ነው። መለኪያው አሁንም ሲወርድ፣ ይባስ ይቀዘቅዛል ተብሎ ሲጠበቅ ሙቀቱ ተመልሶ ይነሣል፤ ከ100 ሜትር በታች ወደ 22 ዲግሪ ይጠጋል፤ ጨውም ወደ 40 ግራም ያሻቅባል። ሁለት የነበረው ንብርብር ሦስት ሆኗል። ከላይ ስስ የሆነ ሙቅ ውሃ ይወጣል። ከታች ከመጠን በላይ የሳሳው ጨዋማ ፍሰት አሁንም ይወጣል። በመካከል ቀዝቃዛና ጨውነቱ ያነሰ ውሃ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀይ ባሕር ከውጪ የሚቀበለውን እጅግ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀበለው ዓመቱ እጅግ በሞቀበት ወቅት ነው! እኔ ይህን ባሕር እንድወደው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ይህን ቀዝቃዛ ውሃ የቀይ ባሕር ነፋስ ብቻውን አያመጣውም። የሚያመጣው ውጪ ያለው ሞንሱን፣ ማለትም ወቅት ጠብቆ አቅጣጫውን የሚለውጠው የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ነው። ከሰኔ ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን በሶማሊያ ጠረፍና በዓረብ ባሕር ላይ ሲበረታ የላይኛውን ሙቅ ውሃ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠርጎ ያወጣዋል። ሙቁ ሽፋን ሲሳሳ ከሥሩ የነበረው ቀዝቃዛ ውሃ ከፍ ይላል። በሌላ ጊዜ ከሐኒሽ ደፍ በታች ተቀብሮ የሚቆየው ውሃ አሁን ከደፉ በላይ ይሆናል፤ መግቢያ ያገኛል ማለት ነው። የባሕረ ሰላጤው ጠለልም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቀይ ባሕር የላይኛው ውሃ ከኋላው ነፋስ ይገፋዋል፣ ከፊቱ ደግሞ ዝቅ ያለ ባሕር ይጠብቀዋል። ዴቪድ ስሚድን የመሰሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሦስቱን ንብርብሮች አሠራር ሲያጠኑ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለው የሙቁና የቀዝቃዛው ውሃ ድንበር ከፍና ዝቅ ማለቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ በቀይ ባሕር ላይ ያለውን ነፋስ ብቻ ተመልክቶ የመካከለኛውን ንብርብር ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

በጅዳ የሚያዩት መጉደል የዚህ ሁሉ ውጤት ነው። በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል ጨረቃ የምታመጣው ዕለታዊ የውሃ ሙላትና ጉድለት እጅግ ትንሽ ነው፤ በፖርት ሱዳን አካባቢ ከናካቴው የለም ለማለት ይቻላል። በዚህም የተነሳ የወቅቱ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በታኅሣሥና በጥር ካለው ከፍታ እስከ ነሐሴው ዝቅታ ድረስ ልዩነቱ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሙቀት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባሕሩ በነሐሴ ከፍ ማለት ነበረበት። ዝቅ የሚለው ነፋሱና ሞንሱኑ የሚያወጡት ውሃ ከዚያ ስለሚበልጥ ነው። ለኮራሉም ይህ ከባድ ጊዜ ነው። ጀርባው ከውሃ በላይ ሆኖ የነሐሴ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ከፍታ በላይ ማደግ የማይችለውም ለዚሁ ነው። በዚያ ሰሞን በላዩ መራመድ ብዙ ዓመት የፈጀውን እድገት በአንድ እርምጃ መስበር ስለሆነ፣ ልጆች ይዘው ሲሄዱ እባክዎ ይከልክሏቸው።

«ታዲያ ለምን አይቀዘቅዝም?» ላሉት በቅድሚያ አንድ ስሌት እንሥራ። የላይኛው ውሃ አማካይ ጉዞ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል በቀን ከ9 ኪሎ ሜትር በታች ይጓዛል። ከጅዳ እስከ ባብ ኤል መንደብ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ይህን ለመጨረስ አራት ወር ያስፈልጋል፤ ወቅቱ በሙሉ ያለው ግን አራት ወር ብቻ ነው። አዙሪቶቹ የሚያባክኑት ጊዜ እንኳ አልተቆጠረም። ስለዚህ በነሐሴ ከሰርጡ የሚወጣው ሙቅ ውሃ የደቡቡ ባሕር ውሃ እንጂ ጅዳ ላይ የዋኙበት ውሃ አይደለም። ጅዳ ላይ የሆነው፣ የባሕሩ ጠለል በሙሉ አብሮ ዝቅ ማለቱና የላይኛው ውሃ ጥቂት ወደ ደቡብ መንፏቀቁ ነው። በቦታው የሚተካውም ከሰሜን የመጣ፣ በዚያው ፀሐይ የሞቀ ውሃ ነው። ከሰርጡ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከ30 ሜትር በታች ስለሚጓዝ በላዩ ያለውን ሙቅ ሽፋን ሰንጥቆ አይወጣም። የዓረቢያውን ጠረፍ ተጠግቶ ወደ ሰሜን ሲገፋ ከአካባቢው ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ይሄዳል፤ ጅዳ አካባቢ የሚደርሰው ጥቂቱና የተበረዘው ብቻ ነው።

ከወቅቱ አዙሪቶች ሁለቱን ለይቼ ላንሳ፤ ምክንያቱም የሚፈጥራቸው ነፋስ ከደጋችን በሚወርድ ወንዝ ሸለቆ በኩል የሚመጣ ስለሆነ ነው። ከኤርትራ ደጋ የሚነሣው ባርካ በሱዳን ጠረፍ ቶካር ላይ ደለሉን ይዘረጋል። እዚያ የተራራው ሰንሰለት ይከፈታል። በሐምሌና በነሐሴ ከሱዳን ሜዳ የሚመጣው ነፋስ በዚያ ክፍተት ተጨምቆ በሰከንድ ከ15 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ባሕሩ ይወረወራል፤ የደለሉን አቧራ ይዞ ባሕሩን ያሻግረዋል። ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁለት አዙሪቶችን ጎን ለጎን ይፈጥራል፤ በሰሜኑ በኩል ያለው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ፣ በደቡቡ በኩል ያለው እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። ስፋታቸው ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር ይይዙታል ማለት ይቻላል። ከደቡብ የመጣውን ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ባሕሩ መካከልና ወደ ማዶ የሚያደርሱት እነዚህን የመሰሉ አዙሪቶች ናቸው።

ያ ውሃ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ለባሕር ሕይወት ማዳበሪያ የሚሆን ንጥረ ነገርም ይዞ ይመጣል። የሰሜኑ ቀይ ባሕር ጥርት ያለ ሰማያዊ የሆነው በውስጡ የሚበላ ነገር ስላነሰ ነው። ደቡቡ ግን፣ ከዳህላክ ደሴቶች እስከ ፋራሳን ያለው፣ አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ዓሣ የሚበዛበት ነው፤ በሩ ቅርብ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የባሕሩ የላይኛው ውሃ ሙቀት በድንገት ወደ 0.7 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለቱ በሳተላይት ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በመካከለኛውና በደቡቡ ክፍል ብዙ ኮራል ነጥቷል። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ግን ከለመዱት የሙቀት ጣሪያ በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ሲሰጣቸው በሙከራ ተርፈዋል። የሚቀርበው ማብራሪያ ወደ ሐኒሽ ደፍ ይመልሰናል። ከ20,000 ዓመት በፊት በበረዶው ዘመን የውቅያኖሶች ጠለል በ120 ሜትር ያህል ሲወርድ በደፉ ላይ የቀረው ውሃ ስስ ነበር፤ የባሕሩ ጨው ከ50 ግራም በላይ ደረሰ፤ ብዙ ፍጡራን ጠፉ። በኋላ እንደገና የገቡት ኮራሎች ወደ ሰሜን ለመድረስ በሞቃቱ ደቡብ ማለፍ ነበረባቸውና ያለፉት ሙቀት የሚችሉት ብቻ ናቸው ይባላል። እኔ ማብራሪያው ያሳምነኛል፤ የደቡቡ ኮራሎች ግን አሁን ከሚችሉት ጣሪያ አጠገብ ስለሚኖሩ የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። ከአገር ቤቱ ክረምት ጋር ግንኙነት አለው፤ ያውም የቅርብ። ጎጃምና ወለጋ ላይ ዝናቡን የሚያጠናክረውና የኤደን ባሕረ ሰላጤን ሙቅ ውሃ ጠርጎ የሚያወጣው አንድ የሞንሱን ሥርዓት ነው። አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ምክንያት ውጤቶች ናቸው። ሞንሱኑ ሲገባ አባይ ይሞላል፤ ጅዳ ላይ ባሕሩ ይጎድላል። የክረምቱ ዝናብ እርጥበት ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል፦ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኩል። ከሰሜን ቀይ ባሕርን አቋርጦ የሚመጣ አየርም የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ሙቁ ውሃ ራሱ ዝናብ ሆኖ የሚታየው ግን በተቃራኒው ወቅት ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ደጋው ደርቆ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ፣ ምጽዋና ከበላይዋ ያለው የምሥራቁ ተዳፋት ዝናብ ያገኛሉ። ከደቡብና ከሰሜን የሚመጡት ሁለቱ ነፋሶች በባሕሩ ላይ ተገናኝተው እርጥቡን አየር ወደ ተራራው ሲገፉት ደመና ይሆናል። የአየር ትንበያ ባለሙያዎቻችን የቀይ ባሕር የነፋሳት መገናኛ ቀጣና የሚሉት ይህንን ነው፤ አፋሮች ዳዳ የሚሉት አጭር የታኅሣሥ ዝናብም በዚሁ ወቅት የሚጠበቅ ነው። ያ አየር እርጥበቱን የሚያነሣው ከደቡቡ ቀይ ባሕር ላይ ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ የደቡቡን ባሕር ሙቀት ጠብቆ የሚያቆየው በባብ ኤል መንደብ ላይ ላዩን የሚገባው ውሃ ነው። እንግዲህ በጥር በዚያው ተዳፋት ባለችው ግንዳዕ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ከገባው ሙቅ ውሃ ላይ የተነሣ ነው።